ያቺ አንዲት ጥርስ

ሞተሬ ጠዋት ስትነሳ ብረት ምጣድ ላይ እንደሚቆላ ሽምብራ ትንጣጣ ጀመር። ስትሞቅ ዝም ትላለች። "ቫልቭ ነው" አሉኝ፤ ቫልቩን አስተካከልኩ፣ ድምፁ እዚያው። አንድ ጋራዥ ወሰድኳትና የታይሚንግ ካቴናውን ቀየሩልኝ። ሽምብራው ጠፋ፣ ጉልበቷም አብሮ ጠፋ። የቤዛዊትን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ሆነ የምትወጣው። ሚኒሞ አትይዝም፣ ማርሚታዋ ይተኩሳል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡራተር አጠብኩ፣ ቤንዚኑን ጠረጠርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ! በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ካርቶን አንጥፌ ራሴ ከፈትኳት። ካቴናው አንድ ጥርስ ስቶ ነው የታሰረው።

አንድ ጥርስ ምን ታመጣለች እንዳትሉ። ኮሎው (ክራንክሻፍቱ) ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ነው የሚዞረው። የላይኛው ጥርስ፣ ማለትም ካሙ ላይ ያለው ባለ ጥርስ ጎማ፣ 32 ጥርስ አለው እንበል፤ አንዷ ጥርስ ካሙ ላይ 11.25 ዲግሪ፣ ኮሎው ላይ 22.5 ዲግሪ ትሆናለች። ቫልቮቹ ያን ያህል ቀድመው ወይም ዘግይተው እየተከፈቱ ካርቡራተር ማጠብ ትርፉ ድካም ነው።

እናንተም ልትሞክሩ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ካቴናው መኖሩን አረጋግጡ። እዚህ አገር ከሚነዱት የቻይና ሞተሮች ብዙዎቹ የሆንዳ ሲጂ 125 ቅጂ ናቸው፤ እነሱ ቫልቩን የሚከፍቱት በዘንግ ስለሆነ የታይሚንግ ካቴና የሚባል ነገር የላቸውም። የኔዋ የህንድ 150 ሲሲ ናት፣ አላት።

ሥራው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ካንዴላው ወጥቶ ነው። በግራ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት እያያችሁ ቮላኖውን በቡሶላ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩ። ቮላኖው ላይ ሁለት ፊደል አለ፣ ቲ እና ኤፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤፍ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ናት፤ ፒስተኑ ገና ጫፍ አልደረሰም። የምንፈልገው ቲን ነው። ቲ የመስኮቷ መስመር ላይ ስትቆም ሁለቱም የቫልቭ መዶሻዎች በጣት ሲነኩ ትንሽ ካልተንቀጫቀጩ አንድ ዙር ጨምሩ።

ከዚያ የካቴናውን መወጠሪያ ቀድማችሁ ፍቱ፣ ቀጥሎ የላይኛውን ጥርስ። ካቴናውን በሽቦ እሰሩት፤ ከወደቀ ኮሎው ሥር ይጠቀለላል፣ ያኔ ቮላኖውን ማዞር ጥርስ መስበር ነው። ካቴናውን ጨርሶ ለማውጣት ቮላኖው መነሳት አለበት፤ ለዚህ የራሱን ማውጫ ተዋሱ፣ በመዶሻ አትደብድቡት። የኔን ሳወጣ ካቴናው የሚደገፍበት ፕላስቲክ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ጋራዡ አዲሱን ካቴና በአሮጌው ፕላስቲክ ላይ ነበር የጫነው። ፕላስቲኩንም ካቴናውንም ቀየርኩ።

ስትገጥሙ ቲ መስመሯ ላይ፣ የላይኛው ጥርስ ምልክት ደግሞ ቴስታታው ላይ ካለው ምልክት ትይዩ ይሁን። ላላ ያለው የካቴናው ወገን በመወጠሪያው በኩል መቅረት አለበት፤ ሌላው ወገን ድርቅ ይበል። ይህችን ረስቼ አንዴ ገጠምኩ። መወጠሪያውን አስሬ ቮላኖውን ሳዞር የላይኛው ጥርስ ምልክት ከቦታው ፈቀቅ አለ። ላቤን ጠርጌ እንደገና ፈታሁ።

አሁን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ፣ በቀስታ። ምልክቶቹ ተመልሰው ከገጠሙ አበቃ። መሃል ላይ ጠንካራ ነገር ከነካ ግን አትግፉት፤ ቫልቩ ፒስተኑን እየነካ ይሆናል። ተመልሳችሁ ፍቱ። የቫልቭ ክፍተት ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ከራሳችሁ ማኑዋል ውሰዱ።

ሰኞ ዕለት ቤዛዊትን በሦስተኛ ወጣች።

ምልክቱ ግራ ያጋባችሁ ካላችሁ የመስኮቷንና የላይኛውን ጥርስ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። እስክመልስላችሁ ግን ኪኩን አትርገጡ።