ተጨማሪ መረጃ፦ የወንድ ብልት ካንሰር

በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ወደ 36 ሺህ የሚጠጉ ወንዶች በዚህ ካንሰር እንደተያዙ ተገምቷል። የልጅነት ግርዛት በተለመደባት እስራኤል በሽታው ብርቅ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በምትገኘው ማራኛዎ ግዛት ግን በብዛት ይታያል። ወደ ኋላ የማይመለስ ጠባብ ሸለፈት፣ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስና ሲጋራ ዋነኞቹ አጋላጮች ናቸው። በአገራችን አብዛኛው ወንድ በልጅነቱ ቢገረዝም፣ ግርዛት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም።

ብዙውን ጊዜ በብልት ጫፍ ወይም በሸለፈት ሥር እንደማይሽር ቁስል፣ እንደ ቀይ ሽፍታ ወይም እንደ ጠጣር እብጠት ይጀምራል። ሕመም ላይኖረው ይችላል። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎች አፍረው ለወራት ይደብቁታል።

ቁስሉ ላይ ላዩን ሳለ ከተደረሰበት የፍሎሮዩራሲል ቅባት ወይም ሌዘር ሊበቃ ይችላል። ጠልቆ ከገባ የታመመው ክፍል በቀዶ ጥገና ይወገዳል፤ ከፊሉ ብቻ ከተቆረጠ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ መሽናት ይችላል። ካንሰሩ መጀመሪያ የሚዛመተው ወደ ብሽሽት ንፍፊቶች ስለሆነ ሐኪሙ ሁለቱንም ብሽሽቶች በጣቶቹ ይዳስሳል። እዚያ ከደረሰ ንፍፊቶቹም ይወጣሉ፤ እንደ ሲስፕላቲን ያለ የኬሞቴራፒ መድኃኒትም ሊታከልበት ይችላል።