በሽታውም ኮሶ፣ መድኃኒቱም ኮሶ

ደመወዝ በተከፈለ ዕለት ወደ ፒያሳ ወጣ ብሎ ከጓደኛ ጋር ጥሬ ሥጋ በአዋዜ መብላት ለከተማችን ጸሐፊና ተማሪ የቆየ ደስታ ነው። ዳሩ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሰው ነጫጭ የትል ቁርጥራጭ ከሆዱ ሲወጣ ያይና «ኮሶ ታየኝ» ይላል። የሚያስገርመው፣ የበሽታውም የመድኃኒቱም ስም አንድ መሆኑ ነው።

ኮሶ በደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ሲሆን፣ ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴው ቀላ ያለ አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ጧት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ቀድሞ በየሁለት ወሩ ገደማ መጠጣት የተለመደ ነበርና «ኮሶ ጠጥቷል» የተባለ ሰው ከሥራ ቢቀር ማንም አይወቅሰውም፤ እስኪያሽረው ድረስ ደጁን ዘግቶ ይውል ነበር።

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወደ ዛሬው መርካቶ ከመዛወሩ በፊት በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። በዚያ ዘመን የባሕር ማዶ መድኃኒት ቤት ገና ብርቅ ስለ ነበረ የከተማው ሰው ተስፋ በኮሶና በእንቆቆ ላይ ነበር።

የኮሶ ዝና ግን ከአገራችን ወሰን አልፏል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በ19ኛው መቶ ዓመትም ኮሶ በእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብ ገብቶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

ታዲያ አባቶቻችን ስለምን ደጋግመው ይጠጡ ነበር? የኮሶ ትል በጭንቅላቱ ከአንጀት ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ርዝመቱም 5 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ገላው ተቆርጦ ወጥቶ ጭንቅላቱ ከቀረ እንደገና ያድጋል። በዚያ ላይ ጥሬ ሥጋ አልተተወምና አዲስ ትል ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የመጠኑ ነገር ነው። በእፍኝ የሚለካ አበባ ኃይሉ ከዛፍ ዛፍ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ከመጠን ያለፈ ኮሶ ብርቱ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ያመጣል፤ ዓይንን ጎድቶ እስከ ዕውርነት ያደረሰበት ጊዜም በሐኪሞች ተመዝግቧል። ለነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ የማይገባ ነው። «አልሻረኝምና ልድገመው» ማለት በዓይን ብርሃን መጫወት ነው።

ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉ መድኃኒቶች አሉ። መጠናቸው በሚዛን የታወቀ በመሆኑ፣ ሐኪም ባዘዘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ መውሰድ ይበቃል። ሥጋውን እስከ ውስጡ ማብሰል፣ በሜዳ አለመጸዳዳትም በሽታውን ከሥሩ ይነቅላል፤ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር የወጣውን የትል ዕንቁላል ከሣር ጋር የሚበላው ከብቱ ነውና።

እንግዲህ አባቶቻችን ዛፉን ለይተው ማወቃቸው የሚያስመሰግን ጥበብ ነው። ለእኛ የቀረው ሥራ መለካት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ኮሶ ታየኝ» ያለ ወዳጅ ቢኖርዎ፣ ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይምሩት።