ሊኑክስ አንድ ነው ወይስ ብዙ?

ከፖለቲካው ጎራ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብለን ስለ አንድ ሙያዊ ጉዳይ እንድንወያይ እጋብዛችኋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ያስጀመረኝ አገር ቤት ኮሌጅ የሚያስተምር የአጎቴ ልጅ ነው። በ2018 የጻፍኩትን አንድ ፕሮግራም ከነመመሪያው ላኩለት። መመሪያው ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ እኔ ኡቡንቱ ላይ ሞክሬው ሠርቷል። የእሱ ማሽን ግን አሮጌ ሴንትኦኤስ ስለነበረ ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ከተንገላታ በኋላ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ሊኑክስ አንድ ነው አላልከኝም ነበር?» አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በጥብቅ ትርጉሙ ሊኑክስ የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከርነሉን ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር አሰባስበው ከሚያሰራጩት ቡድኖች ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ፕሮግራም የሚጭኑት በአፕት ሲሆን ፌዶራና ሬድ ሃት ደግሞ ዛሬ በዲኤንኤፍ ነው። አፓቼ የተባለው ያው የድረ ገጽ አገልጋይ በዴቢያን «አፓቼ2»፣ በሬድ ሃት «ኤችቲቲፒዲ» ይባላል። ለፕሮግራም ሠሪ የሚያስፈልጉት ጥቅሎች ስም በአንዱ ዘንድ በ«ዴቭ»፣ በሌላው ዘንድ በ«ዴቬል» ያልቃል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ግሊብሲ የተባለው መሠረታዊ ላይብረሪ ነው፤ በአዲሱ ላይ የተገነባ ፕሮግራም በአሮጌው ላይ ብዙ ጊዜ አይነሳም።

የማስማማት ሙከራ አልነበረም ማለት አይደለም። ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ የተባለው የጋራ መስፈርት የመጀመሪያ እትም በ2001 ወጣ፤ በ2006ም አይኤስኦ ዓለም አቀፍ ደረጃ አድርጎ አጸደቀው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይህ ድር ግን አላበረም። መስፈርቱ ለመጫኛ የመረጠው የሬድ ሃትን አርፒኤም ነበር፤ በእሱ መሠረት የተሠሩት ፕሮግራሞችም እጅግ ጥቂት ሆኑ። በ2015 ዴቢያን ድጋፉን በአብዛኛው ተወው።

ዛሬ ፍላትፓክና ኮንቴይነር ሌላ መንገድ ከፍተዋል፤ ፕሮግራሙን ከነስንቁ ጠቅልሎ መላክ። ይሁንና ስንቁ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል። እኛ እዚህ ሳንቆጥረው የምናወርደውን፣ የአጎቴ ልጅ በሚቆራረጥ መስመር፣ ከኪሱ ከፍሎ ነው የሚያወርደው። አለመስማማቱን አስወገድነው ስንል ወጪውን ወደ እሱ አዛወርነው ማለት ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ግዕዝ በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ያዳነን የጋራ ስምምነት ነው።

እስከዚያው ድረስ ቀላሉ መፍትሔ በእጃችን ነው። እኔ ፕሮግራሙን አሮጌው ሥርዓት ላይ ደግሜ ገነባሁት፤ መመሪያውንም ለሁለቱም ቤተሰብ ለየብቻ ጻፍኩና በባዶ ማሽን ላይ መስመር በመስመር ሞከርኩት። አንድ ቅዳሜ ፈጀብኝ። የአጎቴ ልጅ ሃያ ደቂቃ በቃው።

ቸር ይግጠመን።