ተቅማጡን ያመጣው ጥርሱ ነው?

«ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ ለዚያ ነው የሚያስቀምጠው» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? የእህቴ ልጅ 7 ወር ሲሞላው ሰፈሩ ሁሉ ይህንኑ አለን። አንዲት ጎረቤታችን ጭራሽ «ግግ ይውጣለት» አሉ።

ኢኮኖሚክስ ስማር የያዝኩት ነገር አለ፦ ሁለት ነገሮች አብረው ስለመጡ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ጥርስ 6 ወር ገደማ ይጀምራል። በዚያው ሰሞን ሕፃኑ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። ተቅማጡ የጀርም ነው፣ የጥርስ አይደለም።

የጥርስ ምልክቱ ለሃጭ፣ መነጫነጭና ያገኙትን መንከስ ነው። ለዚህ እጅን ታጥቦ ድዱን በጣት ማሸት፣ ወይም በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማስነከስ ይበቃል። የሚያደነዝዝ ቅባት ይቅርበት።

ግግ ማስወጣትስ? «ትል ወጣ» ተብሎ የሚታየው ነጭ ነገር ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው። ባልጸዳ ስለት ሲወጣ ሕፃኑ ይደማል፣ ይመረቅዛል፤ ቋሚ ጥርሱም ሊበላሽ ይችላል።

ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ካስቀመጠው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እስከዚያው ጡት አይቋረጥ፣ ኦአርኤስ ስጡት።