የመኝታ ልብሳችንን እንዴት እንምረጥ?

«እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» የሚለው አባባል የተነገረው ስለ አቅምና ስለ ኑሮ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ስለ ራሱ ስለ ፍራሹ ነው። እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን ሠልጣኞች ከቤተሰብ ተለይተን፣ አንዱን ክፍል ለብዙ ተካፍለን፣ በተደራራቢ የብረት አልጋ ላይ የምናድር ነን። ሌሊቱን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ወይም በትኋን ሲበላ ያደረ ሰው ጧት ክፍል ገብቶ ቢያንቀላፋ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ከቤት ይዘን የምንመጣውን ወይም ከገበያ የምንገዛውን የመኝታ ልብስ በማስተዋል መምረጥ የትምህርታችን አንዱ ክፍል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አንደኛ፤ የምንማርበትን አገር አየር ማወቅ ያስፈልጋል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ታዲያ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ልብስ እንዴት ይሆናል? ደጋ የሚማር ሰው ስለ ሙቀት ያስብ፤ ቆላ የሚማር ግን ከብርድ ልብስ በፊት አጎበር ይቅደምለት። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው የአገራችን ክፍል ለወባ የተጋለጠ ስለሆነ፣ አጎበሩ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ተወትፎ ሊዘረጋ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ልብስ እንዴት እንደሚያሞቅ እንወቅ። ብዙዎቻችን ብርድ ልብስ ራሱ ሙቀት የሚሰጥ ይመስለናል። ነገር ግን ሙቀቱ የሚመነጨው ከገዛ ሰውነታችን ነው። የልብሱ ሥራ በክሮቹ መካከል አየር ይዞ ይህ ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ መከልከል ነው፤ የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍምና። ጋቢ በአራት ድርብ ሲሠራ በየድርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ ይሞቃል። መንዞች ከበግ ጠጉር የሚሠሩት ባናም ብርዱን የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። በመሆኑም አንድ በጣም ወፍራም ብርድ ልብስ ከመግዛት፣ አንድ መካከለኛ ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ መደረብ ይሻላል። ሲሞቀን አንዱን መግፈፍ ይቻላላ! ጋቢው ደግሞ ማታ ለጥናት ስንቀመጥ መደረቢያ ይሆነናል።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ከሥራችን ያለው ልብስ በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ አየሩ ይወጣል፤ ብርዱም ከታች ይመጣል። ፍራሹ ስስ ከሆነ ከላይ ሦስት ቢደርቡ ምን ዋጋ አለው? አንዱን አጥፎ ከሥር ማንጠፍ ነው እንጂ።

ሦስተኛ፤ ፍራሽ ከመግዛታችን በፊት የአልጋውን ርዝመትና ስፋት በሲባጎ ለክተን ሲባጎውን ይዘን ገበያ እንሂድ። መጠናቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ስፖንጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚበረክተው ከበድ የሚለው ነው፤ ቀላሉ በጥቂት ወራት መሃሉ ይጎደጉዳል። በመዳፍ ተጭነን ስንለቀው ቶሎ መመለሱንም እንይ። በላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው ግን በጣም ወፍራም ፍራሽ አይምረጥ፤ የጎኑ መከለያ ብረት ከፍራሹ በላይ ከፍ ብሎ ካልታየ በእንቅልፍ ልብ መውደቅ ይመጣል። አንሶላ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይነጠፋል። ከጥጥ የተሠራው ላብ ይመጣል፤ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ያለው ደግሞ የትኋንን ጥቋቁር ነጠብጣብ ቶሎ ያሳያል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተባይ ነው። ያገለገለ ፍራሽ ርካሽ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ስፌቱንና ማዕዘኑን ሳያገላብጥ አይግዛ። ትኋን ሳይመገብ ለወራት መቆየት ይችላል፤ በአንድ ፍራሽ የገባው ሁሉንም አልጋ ያዳርሳል። ትኋን በሽታ ሲያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ የሰውነት ቅማል ግን ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ያስተላልፋል። እከክም በአንሶላና በብርድ ልብስ ይጋባል። መፍትሔው ሙቀት ነው። መፈላት የሚችለውን ልብስ ማፍላት፣ በብረቱ አልጋ መገጣጠሚያ ላይ የፈላ ውኃ በጥንቃቄ ማፍሰስ፣ ፍራሹን በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማራገፍና ስፌቱን መፈተሽ ያስፈልጋል። ፀሐይ ብቻውን አይበቃም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው ይሸሻላ።

ሁለት ነገሮችን ግን ፈጽሞ አናድርግ። ለሰብል የተሠራ ፀረ ተባይ መድኃኒት ፍራሽ ላይ መርጨት ሌሊቱን ሙሉ መርዝ እየሳቡ ማደር ነው። ብርድ ልብስ ሳሳ ተብሎም ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። የከሰል ጭስ ባይታይም፣ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው አይነቃበትም።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። በአንድ ክፍል ካለነው አንዱ ፍራሹን ቢያፀዳና ሌሎቻችን ብንተው ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ በየክፍላችን ቅዳሜ ጧትን የፍራሽ ማስጫ ቀን እናድርግ። ተባይ የተገኘበትንም ሠልጣኝ አናሳፍር፤ ካሳፈርነው ይደብቃል፣ ከደበቀ ሁላችንም እንበላለን። ብርድ ልብስ የሌለው ጓደኛ ካለን ትርፍ ጋቢ ያለን እናውሰው፤ እናጥበውና እንስጠው። ነገ በየገጠሩ ተመድበን ስለ ንጽሕና የምናስተምር እኛው ነንና፣ ትምህርቱን ከዛሬው ከራሳችን አልጋ እንጀምር።