የታንኳ መውረጃ በጣና ዳር

ቤት ያለ በር፥ ታንኳም ያለ መውረጃ ጥቅም የለውም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። የዳርቻው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ ሲያጠምድ፥ እህልና እንጨት ሲያመላልስ ኖሯል። በዚህም ጥበብ ነገደ ወይጦ የታወቁ ናቸው።

የደንገል ታንኳ ጠባይ ከእንጨት ጀልባ የተለየ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፥ ከቀዘፋ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ በፀሐይ ካልደረቀ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ ለቀዛፊው የሚያስፈልገው በድንጋይ የተገነባ ትልቅ ወደብ ሳይሆን፥ ዝቅ ያለና ክፍት የሆነ ጥቂት ዳርቻ ነው።

ይህ ጥቂት ስፍራ ግን በሁለት ወገን ተጨንቋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ የታየው እንቦጭ፥ በበዛ ጊዜ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ውኃውን ሸፍኖ የታንኳውን መንገድ ይዘጋል። ደግሞም ዳርቻው ለእርሻና ለሕንፃ ሲወሰድ፥ ደንገሉ የሚበቅልበት ረግረግ ጠብቧል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡ ታላቅ ክብር ነው፤ ነገር ግን በሐይቁ የሚኖረው ሰው መውረጃ ካጣ፥ ክብሩ በወረቀት ብቻ ይቀራል። እንግዲህ የዳርቻውን መሬት የሚያከፋፍሉ ሹማምንት፥ ለሕንፃ ገመድ ከመጣላቸው በፊት የታንኳውን መውረጃ ለይተው ለሕዝብ ሊተዉለት ይገባል። ባለ ሞተሩ ጀልባ ቢዘጋበት ሌላ ወደብ ይፈልጋል፤ የባለ ታንኳው እንጀራ ግን በዚያች ጠባብ በር የሚገባ ነው።