ሺ ስለምትባል አጭር ቃል

በአማርኛ ሺ ማለት አሥር ጊዜ መቶ ነው። ነጋዴ በገበያ «ሺ ብር» ሲል የሰማው ሁሉ ብዙ ገንዘብ መሆኑን ወዲያው ያስተውላል። ይህን ቃል ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየሰማ ያደገ ሰው፥ ብዛት በድምፁ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህች አጭር ቃል ወደ ሌላ አገር ስትሻገር ትርጓሜዋ ይለወጣል።

እንግሊዛዊ «ሺ» ሲል ቍጥር መናገሩ አይደለም፤ በአማርኛ «እርስዋ» እንደሚባለው ስለ አንዲት ሴት መናገሩ ነው። በቻይና ቋንቋ ግን «ሺ» አሥር ማለት ነው፤ አነጋገሩ ጥቂት ቢለይም ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ያው ሺ ይመስላል። በጃፓን ቋንቋ ደግሞ «ሺ» አራት ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ፥ አንድ ቻይናዊና አንድ ጃፓናዊ ነጋዴ በአንድ ሱቅ ቆመው፥ እያንዳንዱ በአገሩ ቋንቋ «ሺ» ቢል፥ የመጀመሪያው 1000፥ ሁለተኛው 10፥ ሦስተኛው 4 ማለቱ ነው። ከሦስቱ የዋሸ የለም። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ቃል በራሱ ቋንቋ ተርጕሞ ቢይዘው፥ ጠብ በመካከላቸው ይነሣል።

በቻይና ቋንቋ ድምፁ ብቻውን አይበቃም፤ ዜማውም ቃሉን ይለየዋል። «ሺ» የሚለው ድምፅ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ሲነገር አሥር ነው፤ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ «ነው» ማለት ይሆናል፤ ከፍ ብሎ ሳይወጣ ሳይወርድ ሲነገር ደግሞ ግጥም ማለት ነው። ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በአማርኛም «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል፤ ሲጠብቅ ግን የልደት በዓል ስም ነው። ፊደሉ አንድ ሲሆን ትርጓሜው ሁለት ነው።

በጃፓን ቋንቋ «ሺ» አራት ከማለት በቀር ሞት ማለትም ነው። ስለዚህ ብዙ ጃፓናውያን አራትን ሲቈጥሩ «ዮን» የሚለውን ሌላ ስሙን ይመርጣሉ። በአንዳንድ ሐኪም ቤትም 4 የሚል ቍጥር ያለው ክፍል አይገኝም። ይህን ያላወቀ እንግዳ የታመመ ወዳጁን ሊጠይቅ ሲሄድ፥ በቅን ልብ አራት ፍሬ ስጦታ ቢያቀርብለት፥ ደስ ሊያሰኘው ሲፈልግ ሊያሳዝነው ይችላል።

ይህ ሁሉ ስለ ምን ሆነ? ቋንቋዎች እንደ ሰው ዘመድ አላቸው። አማርኛ፥ ግዕዝ፥ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ከአንድ ቤተ ሰብ ስለ ሆኑ፥ «ደም» የሚለው ቃል በአራቱም ደም ማለት ነው። አማርኛ፥ እንግሊዝኛ፥ የቻይናና የጃፓን ቋንቋ ግን ከልዩ ልዩ ቤተ ሰብ ናቸው። የሰው አፍ የሚያወጣቸው ድምፆች ጥቂቶች ሲሆኑ፥ ስም የሚፈልጉት ነገሮች እጅግ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁና ሳይመካከሩ አንዱን አጭር ድምፅ ለተለያየ ነገር ስም አድርገው ይሰጡታል።

የቃል ትርጓሜ ያለው በድምፁ ሳይሆን፥ በቃሉ በሚነጋገሩት ሰዎች ስምምነት ነው። ሰነፍ ልጅ እንግዳ ሰው ሲናገር ሰምቶ ቃሉ በራሱ ቋንቋ የሚያስቅ ቢመስለው ይስቃል፤ ስድብ ቢመስለውም ይቈጣል፤ በዚህም ምንም ያልበደለውን ሰው ያሳፍራል። አስተዋይ ልጅ ግን ሳቁንና ቍጣውን ገትቶ፥ «ጌታዬ፥ ይህ ቃል በአገርዎ ምን ማለት ነው?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። እንዲህ የሚያደርግ ልጅ ሁለት ትርፍ ያገኛል፤ አንድ አዲስ ቃል ይማራል፥ አንድ ወዳጅም ያፈራል።